የተከዜ ወፍ በፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ
እንጦጦ ሥር እሬት ላይ የሚቀስመውን፣ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራውን ትንሽ ወፍ፣ በተለይ ወንዱን፣ ለአራት ቀናት ባነሳውም ሐምራዊ ደረቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወጣ ነበር። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ስጨምር ምስሉ ሻከረ፤ በኮምፒውተር ሳፈካው ደግሞ ሰማዩ ነጣ እንጂ ላባው ቀለም አላወጣም። ሐምራዊው የሚፈጠረው የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃንን ሲያንጸባርቅ በመሆኑ፣ ብርሃኑ ከካሜራው በኩል ካልመጣ አይታይም፤ ቁም ነገሩም ይኸው ነው። በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ከአበባው 4 ሜትር ያህል ርቄ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ በ300 ሚሊሜትር ሌንስና በ1/1600 ሰከንድ ፍጥነት፣ ደረቱን ወደ እኔ ሲያዞር ብቻ አነሳሁት። ሐምራዊው ደረት፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው ራሱ፣ ግንባሩ ላይ የተጣበቀው ቢጫ የአበባ ብናኝ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ።