ሲሞቅ እምቢ የሚል የተሳቢ መኪና ኤሲ

ጠዋት ያቀዘቅዛል፣ ሞተሩ ሲግል ሙቅ አየር ይነፋል። የኤሲው ጋዝ ግፊት ደህና ስለነበር መሙላት አላስፈለገም (ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው)። እምቢ ባለበት ሰዓት የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ) ክላች ሶኬት ላይ ሙሉ ቮልት ይደርሳል። ክላቹ በሞተሩ ቤልት የሚዞረውን ፑሊ ከፊት ሳህኑ ጋር በማግኔት የሚያያይዝ ነው፤ ፑሊው ይዞራል፣ የፊት ሳህኑ ግን ቆሟል። ሳህኑ ተበልቶ ከፑሊው ርቋል። ኮይሉ (ማግኔቱን የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ይቀንሳል፣ ማግኔቱም ሳህኑን ከዚያ ርቀት መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካ ስስ የብረት ምላስ) ሲለካ 1.1 ሚሊሜትር ወጣ፤ የዚህ ኮምፕሬሰር ልክ ከ0.4 እስከ 0.8 ነው። የመሃሉን ቡሎን ፈትቼ ሳህኑን በማውጣት ከሥሩ ካሉት ሺሞች (ክፍተቱን የሚወስኑ ስስ ቀለበቶች) የ0.5 ሚሊሜትሩን አስወገድኩ። አሁን 0.6 ነው። ዙሪያውን ሦስት ቦታ መለካት ያስፈልጋል፤ በጣም ከጠበበ ኤሲው ጠፍቶም ይፋተጋል።