በኮምቦልቻ የጥንታዊ መኪኖች ትርኢት ለማዘጋጀት

በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ መኪኖችን ጠብቀው የያዙ ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው ለሕዝብ ትርኢት ማሳየት ሲፈልጉ፣ ከሁሉ አስቀድመው መወሰን ያለባቸው ቦታውን ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ የእጅ ፍሬናቸው የላላ መኪኖችን በረድፍ ለማቆም ሜዳማዋ ኮምቦልቻ ትሻላለች። ክረምቱ እንደ ወጣ መቸኮልም አይገባም፤ መስከረም 21 በሚውለው የግሸን ማርያም ንግሥ ሰሞን መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) ጥንታዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን ተሽከርካሪ በመሆኑ ይህን መነሻ ማድረግ ክርክር ያስቀራል። በምዝገባው ላይ የሥሪት ዘመኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርም ከመኪናው ጋር ይመሳከር። በቮልስ ላይ ይህ ቁጥር የኋላ መቀመጫው ሲነሣ ይገኛል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዞው ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ አጭር ቢሆንም ወደ 600 ሜትር ገደማ ያዘቀዝቃል። የቀድሞዎቹ ቮልስ፣ ሰይቼንቶ (ትንሿ ፊያት 600) እና ኤንትሬ (የፊያት የጭነት መኪና) የሚይዙት በታምቡር ፍሬን ነው፤ ይህ ዓይነቱ ፍሬን ሙቀቱን ቶሎ ስለማያስወጣ፣ ነጂው ፔዳሉን ሳይለቅ ረጅም ቁልቁለት ከወረደ የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ፍሬኑን አልፎ አልፎ መንካት ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፈጽሞ መከልከል አለበት። መኪኖቹም ተራርቀው ይውረዱ።

በሜዳው ላይ ሳይታደሱ የቆዩትና የታደሱት ለየብቻ ይቁሙ፤ በስቱኮና በአዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅ ላሜራ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከቆየ መኪና ጋር ቢወዳደር ዳኝነቱ ፍትሐዊ አይሆንም። መለዋወጫ ሲጠፋ እዚሁ ጋራዥ የተሠራ አካል ግን፣ በእኔ እምነት፣ ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም፤ ባለቤቱ በመኪናው ፊት በሚያቆመው ጽሑፍ ምን እንደ ተለወጠና ማን እንደ ሠራው ቢገልጽ ይበቃል። እንዲያውም ተመልካቹ ቆሞ የሚያነበው ይህንኑ ነው።

ከየጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፤ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ይኑር። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ከመኪኖቹ ይራቅ፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው የቮልስን ፊት ባዶ የዕቃ ማስቀመጫ ይመስለዋል፣ ነገር ግን የነዳጅ ማጠራቀሚያው ያለው እዚያው ነው።

አልነሣ ያለ መኪና ቢኖር ከሌላ ባትሪ ጋር ከመያያዙ በፊት ቮልቴጁ ይታይ፤ ከቀደሙት ቮልሶች ብዙዎቹ በ6 ቮልት ስለሚሠሩ 12 ቮልት ቢሰጣቸው አምፖሎቻቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። የእነዚሁ መኪኖች የፊት መብራት ደካማ ስለሆነ ወደ ደሴ የሚመለሱት ቀድመው እንዲነሡ ሽልማቱ ከ9 ሰዓት በፊት ቢያልቅ መልካም ነው።