ሚኒሞው ሲጮህ፣ ብሎኗን ከማዞራችሁ በፊት

ጎንደር ፒያሳ ላይ እግረኛ ለማሳለፍ ቆማችኋል። ማርሹ ዜሮ ነው፤ እግራችሁም ነዳጅ መስጫውን አልነካም። ሞተሩ ግን ዳገት እንደያዘ ይጮሃል፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ብሏል። አሮጌ ዲኤክስ ወይም ሌላ ባለካርቡራተር (አየርና ቤንዚን በሚቀላቅል ዕቃ የሚሠራ) መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤንዚን መብላቱ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወረድ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ሲገባው ይገፋዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል።

ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ አንስቶ የሚኒሞዋን ብሎን ያዞራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ትናንት ደህና የነበረ መኪና ዛሬ ከጮኸ፣ ብሎኗንም ማንም ካልነካት፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን በደንብ አሙቁት። የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፣ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየር የሚቀንሰው ክዳን) እስኪለቅ ከፍ ብሎ መሥራቱ ጤና ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ ግን አታስነሱት፣ ጭሱ ይገድላል። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ጋቢ ደርባችሁ ከሆነ አውልቁት፤ ጫፉን ቺንጋው ከያዘው አይለቅም። ከሞቀ በኋላ ባለ4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ነው የሚሠራው። የናንተው ትክክለኛ ቁጥር ኮፈኑ ውስጥ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩን አጥፉና የነዳጁን ገመድ በጣት ነካ አድርጉት። ትንሽ ልል ማለት አለበት። ካርቡራተሩ ላይ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ደክሞ እንደሆነም እዩ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ሞላው የሚመልሰውን ክንድ በእጃችሁ ስትመልሱት ዙሩ ከወረደ ችግሩ እዚያው ነው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ክፈቱ። ሞተሩ ሞቆ የቾኩ ምላስ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ተይዟል፣ በካርቡራተር ማጽጃ እጠቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አየር። ሞተሩ ከማይገባው ቦታ አየር ከሳበ ሚኒሞው ይጨምራል። የኔ መኪና እንደዚህ ሲያደርገኝ አንድ መካኒክ 2 ጊዜ ብሎኗን አዞረልኝ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይጮሃል። አንድ ቀን ከሰዓት ኮፈኑን ከፍቼ ጎንበስ ስል “ስስስ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ፍሬኑ ሰርቮ (የፍሬን መርገጫውን የሚያቀልለው ዕቃ) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል። ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ናት፣ ቱቦውን ጎበጥ ካላደረጉት አትታይም። በጣቴ ስደፍናት ሞተሩ ወዲያው ረጋ።

እናንተም እንዲሁ ፈልጉ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ ጨርቅ በተጠቀለለበት ፒንሳ ለአፍታ ቆንጥጡ። ዙሩ ከወረደ ቱቦው ወይም እሱ የሚገባበት ዕቃ አየር ያስገባል። ፍሬን ስትረግጡ ዙሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ሰርቮው ራሱ ሊሆን ይችላልና ለባለሙያ አሳዩት። ካርቡራተሩ የተቀመጠበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደግሞ በመርጫ ጠርሙስ ትንሽ ውኃ እየነፋችሁ ሞክሩት፤ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ያስገባል። ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተር ውኃ እንዳይነካው። ቤንዚን የሚረጭ ሰው አይቻለሁ፣ በትኩስ ሞተር ላይ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ብሎኗ ሂዱ። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሩብ ዙር ፍቱ፣ ጠብቁ፣ አዳምጡ። አጠገቧ ያለችው ሌላ ብሎን የአየርና የቤንዚን መመጠኛ ናት፤ እሷን አትንኩ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። እዚህ የተስተካከለ ካርቡራተር መተማ ሲወርድ ወፍራም አየር ስለሚያገኝ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ይላል። መኪናችሁ እዚያ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ምንም አልሆነም፣ ስትመለሱ ይወርዳል።