ሥራ በበዛበት ሰሞን ቤቴ ደስ እንዲለኝ ያደረገው ነገር

ሁለት ወር ሙሉ ቤት የምገባው ለመተኛት ብቻ ነበር፣ ምንም ደስ አይለኝም። መጀመሪያ እሁድን ለእረፍት ያዝኩት፣ ልብስ አጠባና ጽዳት በላው። ከዛ አበባ ተከልኩ፣ ማጠጣት እረሳለሁ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አበዛበታለሁ፣ ሥሩ በሰበሰ።

የሰራልኝ ናና ነው! 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት ቦታ) ዝቅ ብላችሁ ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሱለትና (ውሃ ውስጥ ከቀረ ይበሰብሳል፣ እሱን ልብ በሉ) ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ መስኮት ጋ አስቀምጡት፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ መቀየር ነው በቃ። በ10ኛው ቀን ጠዋት ነጭ ክር የመሰለ ሥር አወጣ፣ አንድ እግሬን ጫማ እንዳደረግኩ ቆሜ ሳየው ቆየሁ። አሁን ማታ ስልኬን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ ሁለት ቅጠል ቀንጥሼ ሻዬ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ሽታው ጣቴ ላይ ይቆያል።