ሁለት ሂት ፓምፕ ቦይለሮችን በጀሪካንና በቆጣሪ ማወዳደር

ተራ ቦይለር ውሃን የሚያሞቀው በሽቦ ነው። ሂት ፓምፕ ግን ከአየር ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውሃው ያስተላልፋል፤ መብራት የሚበላው ኮምፕረሰሩንና ማራገቢያውን ለማዞር ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ 3 ያህል ሙቀት ሲሰጥ ሲኦፒው 3 ነው ይባላል።

የካርቶኑን ቁጥር ከማመንዎ በፊት በስንት ዲግሪ አየር እንደተለካ ይዩ። በ20 ዲግሪ አየር 4 ያመጣውና በ7 ዲግሪ 3 ያመጣው አይወዳደሩም። ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ማራገቢያው እኩል እየዞረ የሚያመጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ እዚሁ መለካት ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይጀምሩ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ፀሐይ ከመታው የሚገባው ውሃ ይሞቅና ሒሳቡ ይዛባል። ማሞቂያውን አጥፍተው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ፤ እንደ ቀዝቃዛው እስኪሆን ይፍሰስ፣ ዲግሪውንም ይጻፉ። መሣሪያውን 55 ላይ፣ በሂት ፓምፕ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ። ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ አምፖል ሁሉ ይጥፋ። ቆጣሪውን አንብበው ያብሩት።

ኮምፕረሰሩ ሲያቆም ቆጣሪውን ዳግም ያንብቡና ማሞቂያውን ያጥፉ። ከዚያ ሙቅ ውሃውን በ20 ሊትር ጀሪካን እየቀዱ እያንዳንዱን አማስለው ይለኩ፤ ቧንቧው ቀዝቃዛ እስኪያወርድ አያቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሙቁ ውሃ ከላይ ስለሚቀመጥ የመጀመሪያውን ጀሪካን ብቻ የለካ ሰው መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ ያሞግሰዋል። (ውሃው አይደፋ፣ ለልብስ ይሆናል።)

ሒሳቡ፦ ሊትር ሲባዛ በአማካይ የጨመረው ዲግሪ፣ ሲካፈል ለ860። ለምሳሌ 8 ጀሪካን 160 ሊትር ነው፤ በአማካይ 30 ዲግሪ ከጨመረ 160 × 30 ÷ 860 = 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪው 1.9 ከቆጠረ ሲኦፒው 5.6 ÷ 1.9 = 2.9 ነው።

ውጤቱ ወደ 1 ከተጠጋ ውስጥ ያለው ረዳት ሽቦ ሳይታወቅዎ ሠርቷል ማለት ነው። ወደ 2 ከወረደ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አቧራውን ይጠቡ። ከዚያ በኋላም ካልተሻለ ቦታውን ይጠርጥሩ፦ በተዘጋ ጠባብ ባኞ ቤት የተሰቀለ ሂት ፓምፕ ራሱ ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ ይስባል፤ ክፍሉ በበረደ ቁጥር ሥራው ይከብደዋል። በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማይመታው ጥግ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛውን መሣሪያ በማግሥቱ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው 55 ዲግሪ ይሞክሩት። በመጨረሻ ሁለቱንም በየተራ ሞልተው አሙቀው፣ ውሃ ሳይቀዱ፣ እያንዳንዱን 24 ሰዓት እንደበራ ይተዉና የበላውን ያንብቡ። ሲኦፒው ጥሩ ሆኖ በርሜሉ ሙቀት የማይይዝ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል።