በእንፋሎት ፒያስትራ ምክንያት የመጣው የፀጉር መበጠስ እንዴት እንደቆመ

ወገቤ ድረስ የሚደርሰውን ፀጉሬን በእንፋሎት በሚሠራ ፒያስትራ መተኮስ ከጀመርኩ ወዲህ ጫፉ አካባቢ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታዩበት ጀመር፤ የሚበጠሰውም በእነዚሁ ነጠብጣቦች ላይ ነበር። በመጀመሪያ ሻምፑ ቀየርኩ፤ ለውጥ አላመጣም። ቀጥሎ ከመተኮሴ በፊት ቅቤ ተቀባሁ፤ ቅቤው ግን በጋለው ብረት ላይ ከመጨስ በቀር (ሽታውን አለማንሳት ይሻላል) የፈየደው ነገር አልነበረም።

ፍንጩን ያገኘሁት ፒያስትራው ፀጉሬን ሲነካ እንደ ጋለ ምጣድ «ቸስ» እንደሚል ሳስተውል ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ የታጠበ ፀጉር፣ በተለይ ረጅም ከሆነ፣ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ይህ ውኃ 230 ዲግሪ በደረሰ ብረት ሲመታ በድንገት ፈልቶ አረፋ ይፈጥርና ፀጉሩን ከውስጥ ያዳክመዋል። እንፋሎቱ ከብረቱ ግለት አይከላከልም።

ስለዚህ ማታ ታጥቤ በማግሥቱ ከሰዓት፣ ፀጉሬ ፈጽሞ መድረቁን አረጋግጬ መተኮስ ጀመርኩ፤ ሙቀቱን ወደ 170 ዲግሪ አወረድኩ፤ እንፋሎቱንም አጥፍቼ እያንዳንዱን ዘለላ አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፍኩ። የተሰነጠቀ ጫፍ መልሶ ስለማይጋጠም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆረጥኩ። ሁለት ወር ሆነው፤ ነጠብጣቡም ተመልሶ አልመጣም።