የእንዶድ ውሃ ማጣሪያ ወረቀቱን ሲደፍነው

የተፈጨ እንዶድ ዘፍዝፎ በወረቀት ብቻ ለማጥራት የሞከረ ያውቀዋል፤ ጥቂት ይወርድና ቀጥ ይላል። ልም ብናኙና ዝልግልጉ ቀዳዳውን ይለስኑታል። መፍትሔው ዳያቶማይት ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙዎች በንግድ ስሙ ሴላይት የሚሉት፣ ከደቃቅ የውሃ አልጌ የሲሊካ ቅርፊት የሚገኘው ዱቄት። የምትፈልጉት ዝቃጩን ከሆነ ግን አትንኩት፤ አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም።

ድፍድፉን አስቀድማችሁ በሻሽ ጭመቁት። ለ7 ሳንቲሜትር ቡክነር ፈነል (ታቹ የተበሳሳ፣ ፓምፕ እየሳበ ከሥሩ ወዳለው ፍላስክ የሚያጣራ) 12 ግራም ያህል ሴላይት በ100 ሚሊሊትር ውሃ በጥብጡ፤ የዘፈዘፋችሁት በኢታኖል ከሆነ በኢታኖል። ወረቀቱን አርጥባችሁ፣ ፓምፑ በቀስታ እየሳበ፣ ብጥብጡን ባንዴ አፍስሱት። አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ንጣፍ ይሠራል። የወረደውን ደፍታችሁ ፍላስኩን እጠቡ። ንጣፉ ላይ ሌላ ወረቀት ጣል ካደረጋችሁ ሲፈስበት አይቦረቦርም። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው መድረቅ የለበትም፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ድፍርሱም በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል።

ለእንዶድ ንጣፉ ብቻውን አይበቃም። ከራሱ ከድፍድፉም ጋር ሴላይት ቀላቅሉ፤ ለ200 ሚሊሊትር ከ4 እስከ 5 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያው 20 ወይም 30 ሚሊሊትር ደፍረስ ካለ መልሳችሁ ከላይ ጨምሩት።

ሲዘገይ ፓምፑን ማጠንከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዝልግልጉ ይበልጥ ይታመቃል። የምትሠሩት ደሴ ከሆነ ደግሞ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትጠብቁ። ኢታኖልም እዚያ 78 ሳይሆን 71 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞቅ ያለውን ከሳባችሁት ፍላስኩ ውስጥ ይንተከተካል። አቀዝቅዙት።

የእንዶድ ሳፖኒን፣ ማለትም እንደ ሳሙና የሚያርፈው ንጥረ ነገር፣ በቫኪዩም አረፋው ይገነፍላል። ፍላስኩ ከግማሽ አይለፍ፤ በእሱና በፓምፑ መካከልም ባዶ ጠርሙስ ይግባ። ሲያልቅ ንጣፉን ሁለት ጊዜ በዘፈዘፋችሁበት ፈሳሽ፣ በ20 ሚሊሊትር እጠቡት፤ ፓምፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ጎማውን ንቀሉ።

በእሳት የተተኮሰው ሴላይት ክሪስቶባላይት የተባለ የሲሊካ ክሪስታል ስላለበት አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ስትመዝኑ ኤን95 አድርጉ፤ የቀዶ ሕክምና ማስክ አይበቃም። ያለቀውን ንጣፍ እርጥቡን በከረጢት አስሩ። እንዶድ ዓሣ ስለሚገድል እጣቢውም ቢሆን ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስድ ቦይ አይደፋ።